ሁሉም ያልፋል

በዋድላ ወረዳ፣ ኮን ላይ ሽማግሌ ሲያጽናና «ሁሉም ያልፋል» ይላል። ውርጩም፣ ድርቁም፣ በጋሸና በኩል የመጣው ጦርነትም። በዚህ አባባል የማይስማማው ትምህርት ሚኒስቴር ብቻ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ በተሰጠ ጊዜ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተቀምጦ ግማሹን ነጥብ ያመጣው 3.3 በመቶው ነበር። በዓመቱ 3.2 ሆነ፤ በ2017 ደግሞ 8.4 ደረሰ። በዚህ አያያዝ ሁላችንም ማለፋችን አይቀርም።

ቁጥርን ግን ላመስግነው። አድልዎ የለበትም። ላብራቶሪ በሥዕል ብቻ የሚያውቀውንና ላብራቶሪ ውስጥ ያደገውን አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ይጠይቃቸዋል። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይመጣል? ጎህ ሲቀድ ውኃ ቀድታ፣ ከብት አሰማርታ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ክፍል የምትደርስ የዋድላ ልጅ ከመቶ 46 ብታመጣ፣ መልስ መስጫው ላይ ዳገቱ የሚጠቆርበት ክብ የለም። ሬሜዲያል (ማካካሻ ትምህርት) ትግባ ይባላል፤ እዚያም የሚጠብቃት ሌላ ቁጥር ነው። ማለፊያ ልጅ ናት፤ ያጣችው ማለፊያ ብቻ ነው።

ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች እንዲህ አይጨክኑም። ከክፍል ውጤት ሌላ «ምን ሠርተሃል?» ይላሉ። መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ቶሎ ገበያ ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሕፃናት ማሳደጊያ ደጃፍ ላይ ፎቶ ተነሥቶ፣ ማታ የበጎ አድራጎት ማኅበር «መሥራች» ሆኖ የሚያድር ጎረምሳ አለ። እናቱ ማኅተሙን፣ አባቱ ደብዳቤውን ያመጡለታል፤ እሱም ደክሞት ይተኛል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ጉድ አይተዋል። ባለጸጋ ወላጆች ለአሠልጣኞች ጉቦ ከፍለው፣ ፎቶግራፍ ሳይቀር በኮምፒውተር አቀናብረው፣ ልጆቻቸውን ያልተጫወቱት ስፖርት ጀግና አድርገው እንደ ዬልና ስታንፎርድ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያቀርቡ ተይዘው ፍርድ ቤት ቆመዋል።

ታዲያ ተጨማሪ ችሎታ የውጤትን ጉድለት ይሙላ ወይስ አይሙላ? ይህን ለመመለስ ዋድላ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ አገር ናት። ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ፣ ውሻ አባሮት፣ ቁራሹን በአኩፋዳ ይዞ ይመለሳል። ደበሎውን ተከናንቦ ዛፍ ሥር ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ ሲመሽ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ እንደሆነ ወዲያው ይነቃበታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ የሚደርሰው እንዲህ ነው። የአባቱን ሥልጣን የሚጠይቀው የለም፤ ሰርተፊኬት ቢያወጣም የኔታ የሚሉት «እሱን አስቀምጥና ቅኔህን ዝረፍ» ነው።

ዋድላ ዘራፊን ታከብራለች። ከተማውም ያከብራል። ልዩነቱ የኛው ዘራፊ ከየት እንዳመጣው ጉባኤ ፊት መጠየቁ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩ ይጣል የሚሉትን አልከተልም። ቁጥሩን ብንጥለው ቅጹ ላይ የሚቀረን «የአባት ስም» ነው፤ እሱ ደግሞ በአንዳንድ ቤት ከመቶ መቶ ያመጣል። ቁጥሩ ብቻውን ይበቃል የሚሉትንም አልከተልም። ዳገት የወጣችውና በመኪና ደጃፍ የወረደው 46 ቢያመጡ፣ ሁለቱ 46ቶች አንድ አይደሉም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እሱም ሌሎቹም ማለፊያው መሥመር ላይ ለቆሙት ልጆች የጉባኤ ወንበር ይጨምሩላቸው። መስኖ ጠለፍኩ ያለ ውኃው በየት እንደሄደ ያስረዳ፤ ታናናሾቼን አስተማርኩ ያለች እዚያው አንድ ትምህርት ታስተምር፤ ማኅበር መሠረትኩ ያለ የማኅበሩን ሒሳብ ይዞ ይቅረብ። ወረቀቱ ከደጅ ይቆይ። ያን ጊዜ የሠራ ይናገራል፤ የዘረፈም ይታወቃል።