የጎደለች ዜሮ ወዳጆች

እንደ ጎረቤቴ ዓይኑ የጠራ ሰው አላየሁም። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ የቀን መቁጠሪያ አይታየውም፤ የተበደረው ብር አይታየውም። አንዲት የቴሌግራም ነጋዴ 45,000 ብር ብላ ልትጽፍ 4,500 ብላ የለጠፈችው ላፕቶፕ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በእንቅልፍ ልቡ ይታየዋል። “እህቴ፣ ዋጋው ተሳስቶ እንዳይሆን” ብሎ መጠየቅ የየዋሆች ሥራ ነው። እሱ ሦስት ያዛል። ብሩን በቴሌብር ወዲያው ይልካል። ከዚያ ስክሪንሾት ያነሳል።

ስክሪንሾቷ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዕቃ በርካሽ ያገኘ ሰው ደስ ይለዋል፣ ይተኛል። በእኩለ ሌሊት ማስረጃ የሚሰበስበው ነገ ክርክር እንደሚመጣ ዛሬ የገባው ሰው ነው። ጎረቤቴ ግን ሲጠየቅ “ስህተት መሆኑን በምን አውቄ?” ይላል። ይቅር ይበለንና፣ ምንም ሳያውቅ የተዘጋጀ ሰው ነው።

ሲነጋ ነጋዴዋ ትደውላለች። “ወንድሜ፣ በጣም ይቅርታ፣ አንዲት ዜሮ ጎድላ ነው። ብርዎትን አሁኑኑ ልመልስ።” ጎረቤቴ ግን በአንድ ሌሊት የሕግ ሊቅ ሆኖ አድሯል። ቃል ቃል ነው፣ ውል ውል ነው፣ ሸማች መብት አለው ብሎ ይከሳል። የታክሲ ረዳት አምስት ብር መልስ ሲያስቀርበት “ሕዝብ ይፍረደኝ!” የሚል ሰው፣ 121,500 ብር የሰው ገንዘብ ሲያስቀር ግን መብቱን ማስከበሩ ነው። አልሸሹም፣ ዞር አሉ።

ጥበቡ በጎረቤቴ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ፤ ቀደምት አባቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ሲንጋፖር ውስጥ 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚሸጥ የኤችፒ ሌዘር ፕሪንተር በአንድ ድረ ገጽ 66 ዶላር ተብሎ ወጣ። በሥልጠና ላይ የተጻፈ የሙከራ ቁጥር ሳይታሰብ ወደ እውነተኛው ገበያ አምልጦ ነው። ስድስት ወዳጆች ሌሊቱን እርስ በርስ እየተቀሰቃቀሱ 1,606 ፕሪንተር አዘዙ። ለአንድ ሰው ከ260 በላይ ይደርሰዋል፤ መቼም ብዙ የሚያትሙት ጉዳይ ቢኖራቸው ነው። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ በ106 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ከመካከላቸው ሕግ ያጠና ሰው ነበረ፤ ስለዚህ ነገሩ ሸቀጥ ሳይሆን መርህ ሆነ፤ መርሁም ፍርድ ቤት ገባ። ፍርድ ቤቱ በ2004 መዝገቡን መርምሮ፣ ሰዎቹ ዋጋው ስህተት መሆኑን እያወቁ ስላዘዙ ውሉ አይጸናም አለ። ይግባኝ ሰሚውም በ2005 አጸናው። ሌሊት ሲጻጻፉ ያደሩት መልእክት ነበር የመሰከረባቸው።

የእኛም አገር ከዚህ ታሪክ አልጎደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ፣ ሰው በሒሳቡ ከሌለው ብር በላይ ማውጣት ቻለ። ኤቲኤም በር ላይ ያን ሌሊት የታየው ሰልፍ ለዳቦም ለዘይትም ታይቶ አያውቅም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ተብሎ፣ ሲስተሙ እስኪሻር ሁሉም ተሿሚ ሆኖ አደረ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደተወሰደበት ተናገረ። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ መጣ። ያኔ ብዙው ሰው ብሩን ተሸክሞ ተመለሰ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ተለጠፈ። ኅሊናችን አለ ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ይነቃል።

ነጋዴ መልአክ ነው ማለቴ አይደለም። “ዋጋ በውስጥ መስመር” ብሎ የደንበኛውን ኪስ በፕሮፋይል ፎቶው የሚለካ አለ። በርካሽ ለጥፎ ስትደውል “እሱ አሁን አለቀ፣ ይሄኛው ግን አለ” የሚል አለ። የዚህ ዓይነቱ “ስህተት” ወጥመድ ነውና ዘመድ አያሻውም። እውነተኛ ቅናሽ የሚመስል ስህተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ኮዳክ እንግሊዝ አገር 329 ፓውንድ የሚያወጣ የካሜራ ጥቅል በ100 ፓውንድ ለጥፎ፣ ትእዛዙንም በኢሜይል አረጋግጦ፣ ኋላ ስህተት ነው ቢል ሰው አልተቀበለውም። የገና ማግስት ቅናሽ ባለበት አገር 100 ፓውንድ የሚታመን ዋጋ ነበር። ኩባንያው አንገራግሮ በመጨረሻ በጻፈው ዋጋ ሸጠ። በቅን ልቡ ያመነ ገዢ ሲከራከር ያምርበታል። ጎረቤቴ ግን ሦስት ላፕቶፕ በአንዱ የሲሶ ዋጋ ባልሞላ ብር እየያዘ “አመንኩ” ሲል፣ እሱን ለማመን ከእሱ የባሰ የዋህነት ይጠይቃል።

ሕግ ካማረውም ሩቅ አይሂድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2162፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሰው ድካም ወይም ሀብት የተጠቀመ ሰው ባለሀብቱን ይካስ ይላል። እናቶቻችን ይህን አንቀጽ ሳያነቡ ያውቁት ነበር። ባለሱቁ አሥር ብር አብዝቶ መልስ ከሰጠን “ሮጠህ መልስ፤ ማታ ሒሳቡ ጎድሎበት ይቸገራል” ነበር የሚሉን። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉን እነሱው ናቸው። ስክሪንሾት ግን ያኔ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቧንቧ ላስተካከለለት ሠራተኛ 2,000 ብር በቴሌብር ሲከፍል እጁ አንዲት ዜሮ ጨመረች። 20,000 ብር ሄደ። ግቢውን በጩኸት ሞላው። “ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ! ሰው አይሳሳትም እንዴ?” እያለ ደወለ። ሠራተኛው ሌላ ቤት ቱቦ ሲበሳ ነበር የተገኘው። እጁን አደራርቆ 18,000 ብሩን መለሰና “አይዞህ ወንድሜ፣ ያጋጥማል” ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ውል ውል ነው አላለም።

ጎረቤቴ ሰውየውን መርቆ አልጠገበም፤ “እንዲህ ዓይነት ሰው ዛሬ የት ይገኛል?” እያለ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። የሦስቱ ላፕቶፖች ክስ ግን እስካሁን አልተነሳም።