ሞኙ ተማሪ ይወደስ

ብልጥ ሰው አወዳሽ አያጣም። ሲሾም ግጥም ይገጠምለታል፣ ቤት ሲሠራ ይጨፈርለታል፣ ሲያጠፋ እንኳ «ብልጠቱ ነው» ይባልለታል። ሞኝ ግን ተረት ይተረትበታል እንጂ ውዳሴ ተጽፎለት አያውቅም። እኔ ዛሬ አንድ ሞኝ ላወድስ ነው። ይህ ሞኝ ሰኔ ሲያልቅ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ ይገኛል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ከጅማና ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዓመቱን ጨርሶ መጥቷል። ከቅጥቅጡ ይወርዳል፣ ሻንጣውን ከጣሪያ ያስወርዳል፣ ጫማውን አውልቆ በፌስታል ይቋጥራል፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወደ ጃቢ ጠህናን ገጠር የሚወስደውን ጭቃ ይጀምራል። የሚሄደው ሊያርፍ አይደለም፤ ሊያርም ነው።

ሞኝነቱ አያከራክርም፤ ማስረጃው ሙሉ ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ያም ወርዶ 3.2 በመቶ ሆነ። በዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ፣ በረሚዲያል ተርፎም ቢሆን፣ መንደሩ «ከሞፈር ቀንበር ተገላገለ» ብሎ እልል ያለለት ነው። የተገላገለ ሰው ደግሞ በገዛ እግሩ ወደ ሞፈር አይመለስም። ከእርሱ ጋር አንድ ዶርም የሚያድረው ብልጥ ልጅ ክረምቱን አዲስ አበባ አጎቱ ቤት ያሳልፋል። ኮምፒውተር ይሠለጥናል፣ ቢሮ እየገባ ሰው ይተዋወቃል፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት የሥራ ልምድ ይዞ ይመለሳል። ሞኙ ይዞ የሚመለሰው የተሰነጣጠቀ መዳፍ ነው፤ የአረም ልምድ ይጻፍልኝ ብሎ ቢጠይቅ ማኅተም የሚመታለት ቢሮ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይኼኛው ወረቀቱንም ዶማውንም ይዞ አንዱንም አልለቅም ብሏል።

ምን እንደያዘው ለማየት ማሳው ድረስ መውረድ ያስፈልጋል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ዙሪያ የበርበሬና የበቆሎ አገር ነው፤ ወደ ወንበርማ ቢወርዱም ወደ ደምበጫ ቢመለሱም ይኸው ነው። የበርበሬው ችግኝ መደብ ላይ የሚፈላው ገና በበጋ፣ ውኃ እየተቀዳለት ነው። ዝናቡ ሲጸና ተነቅሎ ወደ ማሳ ይዛወራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዐይን ከላዩ አይነሣም። ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ጠዋት አምሮ የታየው ተክል ከሰዓት ጠውልጎ ይገኛል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ዝናብ ባባራ ቁጥር ቦዩን መክፈት፣ ጎርፍ የወሰደውን አፈር ወደ ግንዱ መመለስ ነው። አረሙ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ለጋ በርበሬ ሲታረም በአንድ እጅ ችግኙን ይዞ በሌላው አረሙን ከነሥሩ መንቀል ነው፣ ጎንበስ እንዳሉ። ጭቃው ከጥፍር ሥር ገብቶ ይደርቃል፤ ገሳው ዝናቡን ጠጥቶ ጀርባ ላይ ይከብዳል፤ ወገብን ለማሳረፍ ቀና ሲሉ የቀረው ትልም ካለቀው ይበዛል።

በዚያው ሰሞን በቆሎው ሽልሻሎ ይፈልጋል። ጉልበት ሲደርስ በሬ ጠምዶ በመካከሉ ማለፍ ነው፤ ከዘገዩ ግን አገዳው እየተሰበረ ነው የሚታለፈው። ሐምሌ ላይ ጤፉ ይዘራል፣ ነሐሴ ላይ ጤፉም እረሙኝ ይላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰው የሚጠይቅበት ወቅት ይህ ነው፤ ትምህርት የሚዘጋበት ወቅትም ይህ ነው። ደቦ ጠርቶ ለማሳረም ንፍሮውም ጠላውም ማስፈለጉ አይቀርም፣ በሐምሌ ደግሞ ጎተራው ሳስቷል። ብልጡ ልጅ ካላንደሩን ሲያይ እረፍት ይታየዋል። ሞኙ የሚታየው አባቱ ብቻቸውን ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብለው ነው።

የዕፅዋት ሳይንስ የሚማር አንድ ልጅ አውቃለሁ። አንድ ሐምሌ ቦይ ሲከፍት አባቱ ከበላይ ቆመው አዩትና «ይህንንም እዚያ ያስተምሯችኋል?» አሉት።

«አዎ አባየ፣ በሽታውን ከነስሙ ተምረነዋል።»

«ስሙን ካወቅኸውማ እንግዲህ እኔ የማላውቀውን ንገረኝ።»

ልጁ በአንድ ማሳ ላይ በርበሬን ዓመት በዓመት መትከል በሽታውን አፈሩ ውስጥ እያኖረ እንደሚሄድ ነገራቸው። አባት አልመለሱለትም፤ ቦዩን ጨርስ ብቻ አሉት። በሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ግን ያ ማሳ ዳጉሳ ተዘርቶበት፣ በርበሬው ወደ ላይኛው መሬት ተዛውሮ አገኘው። ይህ በየትኛውም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሪፖርት ላይ አልተጻፈም። ልጁ ማሳው ውስጥ አብሯቸው ባይጎነበስ ኖሮ እኒያ ሰው ይሰሙት እንደነበር እጠራጠራለሁ። ገበሬ ምክር የሚቀበለው ጭቃ ከነካው ሰው ነው፤ ይህን የግብርና ባለሙያዎቻችንም ያውቁታል።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ እንየው፤ ብልጦች ሞኙን የሚረቱት በሒሳብ ነውና። ክረምቱን ሙሉ ያለ ክፍያ ሠራ፣ ስለዚህ ከሰረ ይላሉ። ከ1996 ዓ.ም ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግቡ፣ የመኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ተሰልቶ ይመዘገብበታል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ለመንግሥት ያለበት ዕዳ በዚህ መልክ ታውቋል። ያኛውንስ ዕዳ ማን መዘገበው? ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ እየተጫነለት ነው የተማረው። የቤት ኪራዩ የወጣው ከበርበሬው ነው። ደብተሩም፣ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ የተሳፈረበት ትኬትም፣ ብርድ ልብሱም ከበርበሬው ነው። እርሱ ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ዓመት ሁሉ ማሳው ውስጥ አንድ እጅ ጎድሏል፤ የጎደለውን የሞላው የአባትና የእናት ወገብ፣ የታናሽ እኅት ከትምህርት ቤት መቅረት ነው። ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ የለም፣ የሚያስፈርምም የለም። ሞኙ ሳይፈርም ይከፍላል። እኔ በበኩሌ ከሁለቱ ልጆች ሒሳብ የሚያውቀው ይኼኛው ነው እላለሁ።

አረሙ ፋታ ሲሰጥ ደግሞ ቡሬ ይወርዳል። ቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ስለሆነች ጭነት አይጠፋባትም። በ2013 ዓ.ም የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኩና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተመርቀውባታል። ሞኙ ወደ መጋዘኖቹ ይሄዳል፤ በክረምት መጀመሪያ ዩሪያ ይወርዳል፣ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። የቀን ሥራ ነው፣ የሚገኘው ለደብተርና ለመሳፈሪያ ነው። ከረጢት የተሸከመ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። አባቱ በታኅሣሥ የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል በርካሽ የሸጡት በቆሎ ሐምሌ ላይ ከመጋዘን እየወጣ፣ እህል ላለቀበት ለዚያው ለገበሬው በውድ ሲሸጥ ያያል። ኢኮኖሚክስ የሚማር ከሆነ ይህን በሃንዳውት አንብቦታል፣ በፈተናም መልሶታል። ትከሻው ላይ ሆኖ ሲያየው ግን «አባየ እስከ መጋቢት ቢያቆዩትስ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ቤቱ ይገባል። አባትም «ዕዳው እስከ መጋቢት ይቆያል ወይ?» ይሉታል። ከዚህ የሚበልጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።

አገሪቱ ይህን ሞኝነት በትእዛዝ ያስፈጸመችበት ዘመን ነበር። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወርዶ እንዲያገለግል ይደረግ ነበር፤ ብዙዎቹ አስተማሩ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ በይፋ ተጀመረና ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በገጠሩ ተበተኑ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ዘማቹ የደንብ ልብስና ስም ነበረው፣ ታሪክም ጽፎታል። ዘማች ግን ገበሬውን ሊያነቃ ነበር የሚወርደው። የእኛ ሞኝ የሚወርደው ሊታዘዝ ነው፤ ጅራፍ አቀብል ሲባል ያቀብላል፣ በሬ መልስ ሲባል ይመልሳል፣ እርፉን አጥብቀህ ያዝ ሲባል ያጠብቃል። የተማረ ሰው በአገራችን መታዘዝን የሚረሳው ቶሎ ነው። ይህ ልጅ በየክረምቱ ያስታውሰዋል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ቢሾም ከማንም በላይ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሹም ይወጣዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ጎጃም ጦርነት ገብቶበት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ስልኩ ሲጠፋና ሲመጣ ከርሟል። ብልጥነት በዚህ ጊዜ ባሉበት መቆየት ነበር፣ ማንም አይፈርድም። አረሙ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። መንገድ ተከፈተ በተባለበት በመጀመሪያው ቀን ሻንጣ ይዘው የሚሰለፉትን ልጆች ሳስብ ሞኝነት የሚለው ቃል ያንሳቸዋል።

መስከረም ላይ ይመለሳል። እናት በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ይቋጥራሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን በርበሬውን። ካምፓስ ያደረ ሁሉ ይህን ያውቃል። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ በዚያ በጀት የተሠራ የካፌ ወጥ በርበሬ ካልተነሰነሰበት አይገፋም። ማታ ዶርም ውስጥ ሻንጣው ሲከፈት ሽታው ከኮሪደር ይጠራል። ፍሬሹም ቸካዩም፣ ነን ካፌውም ይመጣል። ክብ ማኅተሙን ይዞ የመጣው ብልጥም ዳቦውን ይዞ ይመጣል፣ ሞኙም ሳይሰስት ያቀርባል። ስለ አጎቱ ቢሮ ይወራል፣ ስለ አረሙ ማንም አይጠይቅም። ሞኙም አይናገርም፤ ቢናገርም የሚለው «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር» ነው።

የሞኝነቱ ጫፍ ግን ኅዳር ላይ ነው። በርበሬው የሚቀላው፣ የሚለቀመው፣ ደጁ ላይ ተሰጥቶ ግቢውን የሚያቀላው እርሱ ሚድ ፈተና ላይ በተቀመጠበት ሰሞን ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ የተከለውን ለቅሞ አያውቅም። ላይብረሪ ደጃፍ ወጥቶ ይደውላል፣ «ቀላ ወይ እማየ?» ይላል። «ቀልቷል ልጄ፣ ያችኛዋ ጥግማ ዘንድሮ ጉድ ነው ያደረገች» ይሉታል። ያችኛዋን ጥግ በነሐሴ ዝናብ ቦይ የከፈተላት እርሱ ነው። ስልኩን ዘግቶ ወደ ንባቡ ይመለሳል።

አንድ የምለምነው ነገር አለኝ፣ የምለምነውም የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራሮችን ነው። ከኮሮና ወዲህ የትምህርት ካላንደሩ ተናግቶ ተማሪ ክረምቱን ክፍል ውስጥ የሚውልበት፣ በበጋ የሚለቀቅበት ዓመት ታይቷል። ለብልጡ ልጅ ወሩ ለውጥ የለውም፤ የአጎት ቢሮ በጥርም ክፍት ነው። ለሞኙ ግን ያ ዓመት አባቱ ብቻቸውን ያረሙበት ዓመት ነው። ካላንደር ስትሠሩ፣ ጥሪ ስታወጡ፣ በርበሬው ከመደብ ወደ ማሳ የሚወጣበትን ሰሞንና ጤፉ የሚታረምበትን ነሐሴን ከግምት አስገቡልን። ቀኑን በትክክል ለማወቅ ከቸገራችሁ ከጃቢ ጠህናን ወይም ከወንበርማ የመጣ ማንንም ተማሪ ብትጠይቁ ይነግራችኋል።