ሁለት መጅ

ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረስ የሌለው ሰው ቢያንስ ደህና ጫማ ሊኖረው ይገባል ብዬ አሰብሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ፈረሱ እንኳ ተሸልሞ ይወጣል፤ እኔ በነጠላ ጫማ ልቁም? በዋዜማው ዳንግላ ወርጄ አፍንጫው ሹል፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ገዛሁ። ጫማው 41፣ እግሬ 42።

«ቆዳ አይደል፣ ይለቅልሃል» አለኝ ሻጩ።

እውነቱን ነው፣ ለቀቀ። የለቀቀው ግን የእግሬ ቆዳ ነው።

ብሩ ቆጭቶኝ ሁለት ወር ታግዬ ተጫማሁት። ትንሿ ጣቴ ላይ ሽምብራ የምታህል፣ መሐሏ እንደ ጠጠር የደረቀ ነገር በቀለች፤ ተረከዜም ሰፊ መጅ አወጣ። አያቴ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «እኔ ወፍጮ ቤት ከተከፈተ ወዲህ መጄን ጥዬው ነበር፤ አንተ ከየት አመጣኸው?» አለችኝ።

ነገሩን ባጭሩ ልቋጨው ብዬ ምላጭ አነሳሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ መጁን ስቼ ደህናውን ጣቴን ቆረጥሁት። እያነከስሁ ጤና ጣቢያ ደረስሁ።

በእናቴ ዕድሜ ያለች ሲስተር ቁስሉን እያጠበች፣ «ስኳር አለብህ?» አለችኝ።

«ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ።»

«በሽታውን ነው የምልህ! ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል። ምላጭ ቀርቶ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን የመጅ ፕላስተር እንኳ ሐኪም ሳያማክር አይለጥፍም።»

ቆዳ ሲጫኑትና ሲፈትጉት ራሱን ለመከላከል እንደሚደነድን፣ የሚደነድንበትም ነገር ኬራቲን እንደሚባል፣ የፈረስ ሰኮናም ከዚያው እንደሚሠራ ነገረችኝ። በፈረሰኞች በዓል ፈረስ ባይኖረኝ፣ ለካ ሰኮናውን እኔው እያበቀልሁ ኖሯል!

«ጫማውን ካልቀየርህ ብትፍቀውም ይመለሳል» ብላ አሰናበተችኝ። ትእዛዟ ቀላል ነው፦ ማታ ማታ እግርን ለ10 ደቂቃ ያህል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ ሲለሰልስ በሻካራ ድንጋይ በቀስታ፣ ሳያደሙ መፈግፈግ፤ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት። የዘንገናን ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ያገኘ አገር ሻካራ ድንጋይ አይቸግረውም። ጫማ ደግሞ እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ፣ በካልሲ ተለክቶ፣ ጣት እንደ ልብ ሲላወስበት ብቻ ይገዛል።

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰው ሆንሁ። ሹሉ ጫማ ከአልጋ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ሰሞኑን ታናሽ ወንድሜ ለጥር 23 ለመነኝ። የእሱም እግር 42 ነው።

«አይሆንህም» አልሁት።

«ቆዳ አይደል፣ ይለቃል!»

አያቴ ከምድጃው ዳር ሰምታን ኖሮ፣ «ስጠው ልጄ» አለች። «መብራት በጠፋ ቁጥር ወፍጮ ቤቱ ይቆማል፤ ሁለት መጅ ቢኖረን አይከፋም።»