አንድ ወንበር ያለው ጀልባ

በያኪማ ወንዝ የላይኛው ክፍል፣ ከኢስተን ግድብ እስከ ሮዛ ግድብ ድረስ፣ የያዙትን ሬይንቦ ትራውት ይዞ ወደ ቤት መግባት የዋሽንግተን ግዛት ሕግ አይፈቅድም። ዓሣውን ትይዛለህ፣ መንጠቆውን ቀስ ብለህ ታወጣለታለህ፣ ትለቀዋለህ። መንጠቆውም ቢሆን ነጠላና ጥርስ አልባ መሆን አለበት፤ ትል ሰክቶ መጣል ክልክል ነው። ለዚህ ሁሉ ነፃነት ደግሞ በገንዘብህ ፈቃድ ታወጣለህ። ሲያትል ለምትኖር ሐበሻ ሚስት ይህን ማስረዳት ወንዙን ከመሻገር ይከብዳል።

«አሁን የማትበላውን ዓሣ ለመያዝ ነው ጀልባ የምትገዛው?»

«ስፖርት ነው እኮ።»

«ለዓሣው ነው ለአንተ?»

ባል ሲረታ ወደ ጥናት ይሸሻል። እኔም ስለ ዓሣው ዘር ማብራራት ጀመርኩ። ሬይንቦ ትራውት የዚሁ የአሜሪካ ምዕራብ ተወላጅ ነው። ዘሩ ዓለምን ዞሮ ኬንያ ደርሶ፣ ከኬንያ ደግሞ ወደ ባሌ ተወስዶ ወንዝ ውስጥ ተለቀቀና ዛሬ ዲንሾ አካባቢ ወይብ ወንዝ ውስጥ ተመችቶት ይኖራል። እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ፤ ቪዛ የተጠየቅሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ «እንግዲያው ባሌ ሄደህ አትይዘውም? እዚያ እንኳ ይጠበስልን ነበር» ብላ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ጀልባ ያስፈለገበት ምክንያት ግን ቅንጦት አይደለም። ሌላው ወንዝ በረዶው ሲቀልጥ ሞልቶ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጎድላል። ያኪማ በተቃራኒው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው ደረቱን ነፍቶ የሚወርደው። ተራራው ላይ ያሉት የኪቸለስ፣ የካቺስና የክሊ ኤለም ግድቦች ለታችኛው ሸለቆ መስኖ የሚለቁት ውሃ በዚያው ወንዝ ነው የሚያልፈው። ሸለቆው ፖም ያጠጣል፣ ቼሪ ያጠጣል፣ ከሁሉ በላይ የቢራ ጌሾ ያጠጣል፤ አሜሪካ ከምታመርተው የቢራ ጌሾ አብዛኛው የሚበቅለው እዚያ ነው። በሰከንድ ከ3,000 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ውሃ በሚወርድበት ሰሞን በእግር ገብቶ መሃል ወንዝ ላይ መቆም ራስን ለቢራ መሠዋት ነው።

ከዚያ ሴፕቴምበር ሲገባ፣ የእኛ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ የግድቡ ሰዎች ከላይ የሚመጣውን ውሃ ቀንሰው የመስኖውን ድርሻ በናቺስ ወንዝ በኩል ካሉት ግድቦች መልቀቅ ይጀምራሉ። ፍሊፕ ፍሎፕ ይሉታል። ለአጥማጅ አዝነው እንዳይመስላችሁ። ቺኑክ ሳልመን እንቁላሏን የምትጥለው በዚያ ወቅት ስለሆነ ነው፤ ውሃው ሞልቶ ሳለ ዳር ላይ የጣለችው እንቁላል በኋላ ወንዙ ሲጎድል ደረቅ ላይ እንዳይቀርባት። ለሳልመን እንዲህ የሚጨነቅ ባለሥልጣን ለተከራይም ትንሽ ቢያስብ ሲያትል ገነት ነበረች። ለማንኛውም፣ በእግሬ ልግባ ካልኩ እንቁጣጣሽን መጠበቅ ነው፤ አለዚያ ጀልባ።

ጀልባም ዓይነቱ ብዙ ነው። አስጎብኚዎቹ የሚቀዝፉት ከእንጨት ወይም ከፋይበር ግላስ የተሠራው ቆንጆ ጀልባ ተጎታች ጋሪ ይፈልጋል፣ ጋሪው ማቆሚያ ይፈልጋል፣ ማቆሚያው በወር ኪራይ ይፈልጋል። ወገብ ላይ የሚጠለቀው ክብ ጎማ ደግሞ ለሐይቅ የተሠራ ነው፤ ወንዝ ላይ እግርህን አንጠልጥለህ ስትሄድ ድንጋዩ ጉልበትህን እያንኳኳ ይሸኝሃል። ፖንቱን የሚሉት በመሃል ነው። ሁለት የተነፉ ረጃጅም ቱቦዎች፣ በላያቸው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ፍሬሙ ላይ ወንበር፣ ግራና ቀኝ መቅዘፊያ፣ ከፊት የእግር ማሳረፊያ፣ ከኋላ መልሕቅ። ለአንድ ሰው የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ጫማ ይረዝማል። ሞተር ካልገጠሙበት ምዝገባ የለው፣ ሰሌዳ የለው፣ ቦሎ የለው። ታክሲ የሚነዳው ባልንጀራዬ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ነፍቶ መንሳፈፍ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1840ዎቹ ፒተር ሃልኬት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የሚለበስ ጀልባ ሠርቶ ነበር፤ ሲደርቡት ካባ፣ ሲነፉት ጀልባ፣ ከዘራው የመቅዘፊያ እጀታ፣ ጃንጥላው ሸራ። ባሕር ኃይሉ አልፈለገውም። ጆን ሬይ የሚባለው አሳሽ ግን ከሃልኬት ጀልባዎች አንዱን ወደ ሰሜን ዋልታው ምድር ወስዶ ወድዶታል። እኛ አገር ካባ ደርቦ፣ ከዘራና ጃንጥላ ይዞ የወጣ ሰው ለቅሶ ሊደርስ ነው እንጂ ዓሣ ሊያጠምድ ነው የሚለው የለም። ሆኖም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለ አፓርታማ ከዚያ የተሻለ ጀልባ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰቀላላ!

መደብር ስንሄድ ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት ገንዘብ እንዳለኝ ሳይሆን ስንት እንደምመዝን ነው። በእኛ ደንብ ስለ ሰው ሰውነት «ተመችቶሃል» ይባላል፣ እዚያው ያበቃል። ጨክኜ አንድ ቁጥር ጠራሁ። ባለቤቴ ከጎኔ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሻጩ ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ቀና ብሎ ሳያያት 20 ፓውንድ ጨምሮ ጻፈ።

አንዳንዱ ጀልባ 300 ፓውንድ እሸከማለሁ ይላል፣ 136 ኪሎ ያህል ማለት ነው፤ አንዳንዱ 400፣ ማለት 181 ኪሎ። ይህ ቁጥር ግን አንተን ብቻ የሚመለከት አይደለም። እስከ ደረት የሚደርሰው የውሃ ሱሪ አለ፣ መልሕቁ አለ፣ ዘንጉና ሣጥኑ አለ፣ ምሳው አለ። ፈረንጅ ምሳ ሲል ሁለት ቁራጭ ዳቦና በመሃሉ አንድ ነገር ነው። ከእኛ ቤት የሚወጣው ምሳ ፍርፍሩ፣ ድፎ ዳቦው፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ «ሰው ካገኘህ» ተብሎ የተጨመረው ሁለተኛ ፍርፍር ነው። ጀልባው በተጻፈው ክብደት ልክ ቢጫን አይሰምጥም፤ ይሰንፋል እንጂ። ቱቦው ጠልቆ ብዙ ውሃ ስለሚገፋ መቅዘፊያውን ብትስብም ቶሎ አይታዘዝም። ስለዚህ ከራስህና ከምሳህ ድምር በላይ ሰፋ ያለ ትርፍ ያለውን መውሰድ ነው።

ቱቦው ላይ ስንደርስ የጎሚስታ ዕውቀት ያስፈልጋል። ውጪው ጠንካራ የፒቪሲ ጨርቅ ሆኖ ውስጡ ለብቻው ካላማዳሪያ ያለው አለ፤ ራሱ ውጪው አየር የሚይዝ፣ ካላማዳሪያ የሌለውም አለ። የመጀመሪያው ሲበሳ ዚፑን ከፍተህ፣ ካላማዳሪያውን ጎትተህ፣ ለጥፈህ ትመልሰዋለህ። አዲስ አበባ ጎሚስታ ደጃፍ ያደገ ሰው የሚመርጠው ይህንኑ ነው፤ ቢያንስ የሚታይና የሚለጠፍ ነገር አለው። አየሩ ብዙ ግፊት አይፈልግም፤ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ ይበቃቸዋል፣ የመኪና ጎማ ግን ከ30 በላይ ነው። ዋናው ፈተና ሙቀቱ ነው። ጠዋት ዳር ላይ ድርቅ አድርገህ የነፋኸው ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ ይላላል፤ ትጨምርለታለህ። ለምሳ አሸዋ ላይ ስታወጣው ፀሐይ ያገኘው አየር ይሰፋል፤ ካላስተነፈስከው ስፌቱን ሊያፈነዳው ይችላል። እኔ የምሳውን ሰዓት የምመርጠው በቱቦው ጠባይ ነው።

ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ኩባያ ማስቀመጫው ያወራል። ዘንግ መትከያ፣ ኪስ በኪስ፣ የሚሽከረከር ወንበር። ስለ መቅዘፊያው አንድ መስመር፣ እሱም በትንሽ ፊደል። ወንዝ ላይ ግን ከሞት የሚያድንህ ኩባያው አይደለም። ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አድርጎ ይቀመጣል። ከፊቱ አለት ወይም የወደቀ ዛፍ ሲመጣ ጀልባውን ሰያፍ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ አደጋው እንዳዞረ፣ ወደኋላ ይስባል። ዕቁብ ያልከፈለ ሰው ዳኛውን ፈገግ ብሎ እያየ ወደኋላ እንደሚያፈገፍገው ማለት ነው። ባልንጀራዬ ይህን በአንድ ጊዜ ገባው፤ ለምን እንደገባው አልጠየቅሁም። ለዚህ ሥራ አጭርና ሦስት ቦታ የሚገጣጠም መቅዘፊያ አይበጅም፤ ለ9 ጫማ ጀልባ 7 ጫማ ያህል የሚሆነው ጥሩ ነው። ጫፎቻቸው ወደ ላይ ቀና ያሉት ቱቦዎችም ቶሎ ይዞራሉ። መልሕቅ? ጸጥ ባለ ውሃ ላይ በረከት ነው፤ በፈጣን ውሃ ላይ ሲጣል ገመዱ ተወጥሮ የጀልባውን ኋላ ወደ ታች ይጎትታል። የሕይወት አድን ጃኬት ጀልባው ላይ ይኑር ይላል ሕጉ። ዋና የተማርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ስለሆነ እኔ ከመኪናው ስወርድ ጀምሬ እለብሰዋለሁ።

ከመግዛቴ በፊት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ፖንቱን ተውሼ ሳሎን ውስጥ ነፋሁት። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠጋ፣ ረከቦቱ ወደ መስኮቱ ሄደ። አማቴ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ጣና ዳር ነው ያደጉት። የጀልባ ነገር በቤታችን ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ የለም። ስኒያቸውን እንደያዙ ወጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ማሳረፊያው ላይ አደረጉ፣ ሁለተኛውን ቡና እዚያው ጠጡ።

«ውስጡ ምንድነው ልጄ?»

«አየር ነው እማማ።»

«አየር ብቻ?»

«አየር ብቻ።»

አማተቡ። «የእኛ ታንኳ ደንገል ነው። እሾህ ቢወጋው ምን ያፈሳል? ውሃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ታቆመዋለህ፣ ይደርቃል። ሲያረጅ ሌላ ታስራለህ።» ቱቦውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ሻጩም፣ ማስታወቂያውም፣ ባልንጀራዬም ያላነሡትን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ብቻህን ትሸከመዋለህ?»

በእኔ አስተያየት የጀልባ ምርጫ ሙሉ በሙሉ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው። ሁሉም ይንሳፈፋል። ልዩነቱ የሚታየው የብስ ላይ ነው። 70 ፓውንድ፣ ማለት 32 ኪሎ ያህል የሚመዝን የብረት ፍሬም ያለው ጀልባ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት ወደ መኪና፣ በአይ-90 መንገድ የስኖኳልሚን ተራራ አቋርጦ ኤለንስበርግ፣ ከዚያ በ821 መንገድ ወደ ገደሉ ወርዶ ኡምታነም፣ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ውሃው። ሲመሽ ደግሞ ሮዛ ላይ፣ ከግድቡ በፊት፣ ርጥብ ሆኖ ወደ ላይ። ቀንዳቸው የተጠማዘዘ የዱር በጎች ከገደሉ ላይ ቆመው ያዩሃል፤ አያግዙህም። መኪናህም ያለው ኡምታነም ነው፣ አንተ ያለኸው ሮዛ። ስለዚህ ጀልባ የሚገዛ ሰው መኪና የሚያደርስለት ወዳጅ አብሮ መግዛት አለበት። ባልንጀራዬ በክትፎ ተስማምቷል።

አሉሚኒየም እንግዲህ። ይቀላል፣ አይዝግም፣ ዋጋው ግን ያስነጥሳል።

አንድ ነገር ግን ውስጤ ነበር። ለቤት ሰላም ብዬ ባለሁለት ወንበሩን ሳጠና ሰንብቼ ነበር። ባለሁለት ወንበሩ ከ100 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ ደረጃው ላይ ገና ከሁለተኛው ፎቅ ሳይወርድ ትዳር ያፈርሳል። ባለቤቴን ትቼ ብቻዬን ወንዝ ልወርድ ነው ማለት ደግሞ ከየት ይጀመራል? አማቴ ከጀልባው ወርደው ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ እሷው ጀመረችው።

«ወንበሩ አንድ ብቻ ነው?»

«አንድ ብቻ... ባለሁለትም አለ፣ ግን...»

«ከላይ እስከ ታች ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እያጠመዱ ከሆነ ቀኑን ሙሉ።»

«ስልክ ይሠራል?»

«ገደሉ ውስጥ ብዙም አይሠራም።»

እናቷን አየቻቸው፤ እናቷም አዩዋት። ስኒውን አስቀመጠች።

«አሉሚኒየሙን ግዛ፤ የጎደለውን እኔ እጨምራለሁ። ደግሞ ቅዳሜ ብቻ ነው እንዴ የሚጠመደው? እሑድስ?»