ለስንዴው ከተከፈለ ለሳሩስ?

ሰመራ የምሄደው የበጋ መስኖ ስንዴ ላይ ለሚመክር ስብሰባ ነበር። ማለዳ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ገዋኔን እንዳለፈ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ስኮርታው ወርዶ ሲታይ እሱም ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ሁለቱንም ጎማ አላፊ አይሱዙ ላይ አስጭኖ ወደ ገዋኔ ተመለሰ፤ እኛ አስፋልቱ ዳር ፕሮሶፒስ ሥር ተጠለልን። ይህ እሾሃም ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ የተስፋፋው ከጥጥ እርሻዎቹ ወዲህ ነው፤ የግጦሹን መሬት ወርሶ ይዞታል።

ፀሐዩ ሲከርር የሁላችንም ውኃ አለቀ። ፍየል የሚነዱ አንድ አዛውንት መጡና ከተሳፋሪዎቹ መካከል ያለ የአሚባራ ልጅ በአፋርኛ ያጫውታቸው ጀመር። እሱ ስንዴ እርሻ ላይ ፓምፕ ይጠብቃል። የምሄድበትን ሲነግራቸው ዘወር ብለው አዩኝና ተናገሩ፤ ልጁ ተረጎመልኝ፦ «መንግሥት ለስንዴው ያግዛል ይላሉ። ስንዴው ያለበት ቦታ በፊት ሳር ነበር። ለሳሩስ ማን ከፈለ?»

ስንዴውን የምጠላ ሰው አይደለሁም። የወረር ምርምር ማዕከል የቆላ ሙቀት የሚችሉ ዝርያዎች ማውጣቱ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ስንዴው የሚዘራው ኅዳር ላይ ነው፤ ከብቱ ደግሞ ወደ ወንዙ የሚወርደው ያኔ ነው። ድሮ ጥጡ ከተለቀመ በኋላ አገዳውን የሚግጡት እንስሳት ነበሩ። አሁን በዚያው ወር ማሳው ላይ ቡቃያ አለ፣ ዘበኛም አለ።

ድጎማው ግን ይህን አያይም። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ጣሪያ ሲነካ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ደጎመ። ባይደጉም ገበሬው ባዶ እጁን በቀረ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በኩንታል የሚሰጥ እርዳታ ብዙ ላረሰ ብዙ፣ ላላረሰ ምንም ነው። በደርግ ጊዜም ገበሬው በኮታ ካስረከበው እህል ይልቅ የመንግሥት እርሻዎች ምርት በተሻለ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። አሜሪካኖችም በ1933 እ.ኤ.አ. ዋጋ እንዲያንሰራራ ጥጥ ለሚቀንስ ባለመሬት ገንዘብ ሲከፍሉ፣ ባለመሬቱ ገንዘቡን ተቀብሎ የእኩል አራሹን ቤተሰብ ከማሳው አስወጣ። ክፍያው የደረሰው መሬቱ በስሙ ለተጻፈለት ነው። አዋሽ ዳር ደግሞ የጎሣ ግጦሽ በአብዛኛው በማንም ስም አልተጻፈም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሾፌራችን አልተመለሰም። ባዶውን ወደ ጂቡቲ የሚወርድ ሲኖትራክ ለመንኩና ጋቢና ተሳፈርኩ።

«ወንድሜ፣ ምን ልትሠራ ነው ሰመራ?» አለ ሾፌሩ። ነገርኩት።

«እኔ ከወደብ ስንዴ ስጭን ነው ዕድሜዬ ያለቀው። እዚሁ በቅሎ ቢቀር ደስ ይለኛል። ግን ፍየሉም ከዚህ ከጠፋ፣ ሚሌ ላይ ምን በልተን ልናድር ነው?»

ሎጊያ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ሙቀቱ ግን አልበረደም። ከዚያ በባጃጅ ሰመራ ገባሁ። ስብሰባው አልቋል። ጠዋት ከአስተባባሪዎቹ አንዱን ሆቴል በር ላይ ይዤ የተበተነውን ወረቀት ተቀበልኩ፤ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ትራክተር፣ የመሸጫ ዋጋ ሁሉ ተዘርዝሯል። መኖ የሚል አንድም መስመር አላገኘሁበትም።

«አስተያየት ካለዎት በጽሑፍ ይስጡን» አሉኝ። እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ ቦይ ሲቀደድ ለሳር የሚሆን ውኃ ከመጀመሪያው ይመደብ፤ ገለባው ለነጋዴ ከመሸጡ በፊት ለአካባቢው አርብቶ አደር በተወሰነ ዋጋ ይቅረብ፤ ለስንዴ ከሚወጣው የድጎማ ገንዘብ ላይ ግጦሹ ለተወሰደበት ጎሣ ድርሻው ተቆርጦ ይሰጠው፤ የመሬቱ ውል ሲፈረምም ሽማግሌዎቹ ይገኙ። አስተባባሪው አንብበው ጨርሰው «የትኛው ጎሣ?» ብለው ጠየቁኝ። የአዛውንቱን ስፍራ ነገርኳቸው፤ ከገዋኔ ወደ ሚሌ ሲሄዱ፣ አስፋልቱ ዳር።