ሠላሳ ኮምፒውተር በአንድ መታወቂያ

«ሠላሳውንም በአንድ ከሰዓት ጫንኳቸው!» አልክ? ኧረ ወንድሜ፣ አንዱን ጭነህ ሃያ ዘጠኙን ገልብጠሃል። ኮምፒውተሮችህ ከመመሳሰላቸው የተነሳ አንዱ ሲያስነጥስ ሠላሳውም «ይማረን» ይላሉ።

«ታዲያ የዊንዶውስ ማሻሻያ የሚያድለው ሰርቨር ለምን አንዱን ብቻ ያሳየኛል? ኔትወርኩ ይሆናል።»

ኔትወርኩን ተወው፤ የሰው ጥፋት መሸከም ሰልችቶታል። ማሻሻያ የሚያድለው ሰርቨርህ፣ ደብሊውሱስ፣ ደንበኞቹን የሚለየው ሬጂስትሪ ውስጥ በተቀመጠ «ሰስ ክላየንት አይዲ» በሚባል ቁጥር ነው። የተጫነውን ዊንዶውስ ቅጂ፣ ማለትም ኢሜጁን፣ ስትገለብጥ ቁጥሩንም አብረህ ገልብጠሃል። ስለዚህ ሠላሳው አንዲት መስመር ላይ ይፈራረቃል፤ መጨረሻ ሪፖርት ያደረገው ስሙን ይጽፍባታል። እስቲ ኮንሶሉን ክፈትና ሪፍሬሽ በል፦ አሁን «ሂሳብ-04» የነበረው «መዝገብ-11» ሆነ። ደግሞ ሪፍሬሽ፤ «ግዥ-02»። በሲቪል ሰርቪስ እንዲህ ያለ ፈጣን ዝውውር ታይቶ አይታወቅም።

«ስማቸውንማ ቀይሬያለሁ!»

ቀይረሃል፤ ሰርቨሩ ግን ስም መች ጠየቀህ?

«ኬኤምኤሱስ? አክቲቬት አላደርግም ብሎ ቆጠራው አንድ ላይ ቆሟል።»

ኬኤምኤስ የቢሮ ዊንዶውሶችን አክቲቬት ማድረግ የሚጀምረው 25 የተለያዩ ማሽኖች ሲጠይቁት ነው። ያንተዎቹ ደግሞ ኬኤምኤስ የሚለይባቸው ቁጥር፣ ሲኤምአይዲያቸው፣ አንድ ነው። ሠላሳ ሰው አዳራሽ ሞልቶ ሁሉም በአንድ ስም ከፈረመ፣ ሰብሳቢው «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ቢል ይፈረድበታል?

«ከመገልበጥ በፊት የማሽኑን መለያዎች የሚያጠፋው ሲስፕሬፕ ጊዜ ይፈጃል ብዬ እኮ ነው የተውኩት።»

አዎ፣ «ጄነራላይዝ» የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ አንዲት ክሊክ ትፈጃለች። እሷን ቆጥበህ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ትውላለህ። ቦርጭ ለማጥፋት ከሆነ እንኳ እሺ።

«የማይክሮሶፍቱ ማርክ ሩሲኖቪች ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 የሲድ፣ ማለትም የማሽኑ የደህንነት መለያ፣ መመሳሰል አይጎዳም ብሎ ሲድ ቀያሪውን ኒውሲድን ጡረታ አውጥቶት የለም እንዴ?»

አውጥቶታል፤ አንተ ግን ጽሑፉን ግማሹን አንብበህ ማኪያቶ ልትጠጣ ወጣህ። እዚያው ጽሑፍ ላይ፣ ሌሎች መለያዎች ሲመሳሰሉ እንደ ደብሊውሱስ ያሉት ስለሚታወኩ ሲስፕሬፕ አይቀርም ብሏል። የሲዱ ምሕረትም ቢሆን አብቅቷል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ የወጡት ማሻሻያዎች በዊንዶውስ 11 24ኤች2 እና በዊንዶውስ ሰርቨር 2025 ላይ ሲዱን ይመረምራሉ፤ ሲዳቸው አንድ የሆነ ማሽኖች በማንነት ማረጋገጫዎቹ በከርቤሮስም በኤንቲኤልኤምም እርስ በርስ መግባባት አቅቷቸዋል። ተጠቃሚዋ የይለፍ ቃሏን በትክክል ትጽፋለች፣ የጋራ ፎልደሩ አልከፈትም ይላታል፣ አንተ ፓስወርድ ትቀይርላታለህ፣ አሁንም አልከፈትም ይላታል። ምስኪኗ በዚህ ወር ብቻ ስንት የይለፍ ቃል እንድትሸመድድ ነው የፈለግከው? እኔ በበኩሌ ምርመራው ዘገየ ባይ ነኝ።

«እሺ ተረታሁ፣ ምን ላድርግ?»

የደብሊውሱሱ ቀላል ነው፦ የዊንዶውስ አፕዴት አገልግሎቱን አቁም፣ «ሰስ ክላየንት አይዲ»ን ከነማረጋገጫው ከሬጂስትሪ ሰርዝ፣ አገልግሎቱን መልሰህ አስነሳ፤ ማሽኑ አዲስ ቁጥር ያወጣል። የሲዱ ግን በመሰረዝ አይገኝም፤ ኢሜጁን በሲስፕሬፕ አዘጋጅተህ እንደገና መጫን ነው።

«ሠላሳውንም እንደ አዲስ?!»

ኧረ አንዱን ብቻ በወጉ ሥራልን። መገልበጡንማ ማን ይችልሃል!