ጃርትና የበሰቃ ውሃ

በፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ በበሰቃ ሐይቅ ዳር፣ አራዊት እንደ ሰው መንግሥት አቁመው ይኖሩ ነበር። ንጉሡ አንበሳ ከተራራው አናት ተቀምጦ ይገዛል። ከታች፣ ውሃው አጠገብ፣ ሚዳቋውና ጥንቸሉ፣ ቆቁም ይኖራሉ። ከተራራው ወገብ ላይ ደግሞ «የላይና የታች ግንኙነት ጽሕፈት ቤት» ነበረ። ሥራው የላዩን መመሪያ ማውረድ፣ የታቹን አቤቱታ ማድረስ ነው። መመሪያው በአንድ ጀምበር ይወርዳል። አቤቱታው ግን አቀበት አለበት።

ወደዚህ ጽሕፈት ቤት አንዲት ጃርት ለልምምድ ተመደበች። ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር ልጅ ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏም ስለ ታችኛው አስተዳደር ነው። ጃርት የሌሊት ፍጥረት ብትሆንም ለመሥሪያ ቤት ሰዓት ብላ እንቅልፏን ገለበጠች። ብዕር ስጡኝ አላለችም፤ ከጀርባዋ እየነቀለች ትጽፋለች።

የሰው ልጆች በ1987 ዓ.ም. ያጸደቁት ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አራዊቱም ያንኑ ገልብጠው ጽፈዋል። ጃርት ይህን ሸምድዳ መጥታ ነበርና ገና በመጀመሪያው ቀን ኃላፊውን፣ «ጋሼ፣ ያ ሥልጣን የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ዔሊ አንገታቸውን ከድንጋያቸው አወጡ። «ሥልጣኑማ አለ፣ ልጄ። በጀቱ ነው በደመወዝ ያለቀው።»

መጀመሪያ የደረሳት ፋይል የእመት ሚዳቋ ነበር። «ውሃው የልጅ ልጄ እስከሚተኛበት መጣ። እንዳንጠጣው ጨው ነው። ልጁን ሆዱን ያመዋል» ይላል። መዝገብ ቤት ገብታ ስታገላብጥ የሚዳቋ እናትም፣ አያቷም ያንኑ ጽፈው አገኘች፤ ሁሉም ላይ «በሂደት ላይ» የሚል ማኅተም አርፎበታል። (በሰቃ በተረት ብቻ የሚያብጥ ሐይቅ እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው፣ ኋላ ከ40 በላይ ደርሶ የጅቡቲን ባቡር ሐዲድና አስፋልቱን ሳይቀር ያስጨነቀ ሐይቅ ነው።)

ጃርት ፋይሎቹን በአንድ ጠርዛ፣ «የመስክ ምልከታ ይደረግ» ብላ ወደ ላይ ላከች። ጋሽ ዔሊ ሳያነቡ ፈረሙ። ጊዜም ወሰደ እንጂ፣ ልዑክ መጣ። አያ ጅቦ ነበር፣ ከነአበሉ።

«የምክክር መድረኩ» የተደረገው ውሃው ዳር ሳይሆን ከፍ ካለው የግራር ጥላ ሥር ነው። አያ ጅቦ ጥርሱን ፈገግ አድርጎ፣ «እስቲ ከጥንካሬው እንጀምርና ወደ ድክመቱ እንሄዳለን፤ እመት ሚዳቋ፣ ኑሮ እንዴት ነው?» አለ።

«እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነን» አለች እመት ሚዳቋ መሬት መሬት እያየች። «ውሃም በሽ በሽ ነው።»

ጃርት ክው አለች። መልእክተኛ ቃል ሲያዛባ ምን እንደሚደረግ ተምራለች፤ የቃሉ ባለቤት ራሱ ቃሉን ሲውጠው ግን የሚያስተምር ምዕራፍ አልነበረም። በሚዳቋም አይፈረድም። ስለ ውሃ ተናገሪ የተባለችው ለጥርስ ነው።

«ተማሪዋስ ምን ትላለች?» አለ አያ ጅቦ።

እንዲህ ነው ብላ ብትናገር አሮጊቷን ውሸታም ልታደርጋት ነው፤ ልዑኩ ደግሞ ሲመሽም ያው ጅብ ነው። «እኔ ምን አውቄ፣ አያ» አለች። «መንገደኛ ነዎት፤ መጀመሪያ ውሃ ላቅርብልዎ።»

ጋሽ ዔሊ ለእንግዳ ብለው ከላይ ምንጭ ያስቀዱት ውሃ በአንድ ቅል ነበር። ጃርት ያቀረበችው ሌላውን ቅል ነው። አያ ጅቦ ጭልጥ ሊያደርገው ተጎንጭቶ ፊቱን አኮማተረ፤ አክ ብሎም ተፋው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«እዚህ ልጆች የሚጠጡት ነው፣ አያ።»

ከኋላ አንዲት ቆቅ ሳቋ አመለጣት። አያ ጅቦ ለምሳ ሳይቀመጥ ተነሣ፤ በዚያ አገር ጅብ ምሳ ትቶ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። ጋሽ ዔሊ ክፉም ደግም ሳይናገሩ አንገታቸውን ከተቱ። በልምምዷ መመዘኛ ቅጽ ላይ ግን «እንግዳ አቀባበል» በሚለው ሥር ዜሮ ሞሉላት።

ከዚያ ደብዳቤው ወረደ፤ እንደ ልማዱ በአንድ ጀምበር።

«ቁጥር ፈን/12/40። ጉዳዩ፦ የመስክ ውሃን ይመለከታል። የበሰቃ ውሃ ለመጠጥ የማይሆን መሆኑ በልዑካችን ስለተረጋገጠ፣ ከእንግዲህ ለመስክ ሥራ የሚወርድ ማንኛውም ሠራተኛ የራሱን የመጠጥ ውሃ ይዞ እንዲወርድ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል፣ የቅል መግዣ እንዲፈቀድ።»

«ለታቾቹ ይኼን አታንብቢላቸው» አሉ ጋሽ ዔሊ። «ጉዳያችሁ ትኩረት አግኝቷል በያቸው፤ ይበቃል።»

ጃርት እሺም እንቢም ሳትል ወረደች፤ ሐይቁ ዳር ቆማም ከቁጥሩ እስከ ግልባጩ አነበበችው። ጥንቸሉ ተሳደበ። ቆቋ፣ ድሮስ ብላ ፊቷን አዞረች። እመት ሚዳቋ ግን ጆሮዋን አቀናች።

«ያችን ስለተረጋገጠ የምትለዋን እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላት።

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«ቁጥርስ?»

«አለው፣ እመት።»

«እንግዲያው ጻፊ። በቁጥር ፈን/12/40 በተጻፈ ደብዳቤ እንደተረጋገጠው ብለሽ ጀምሪ።»

ጃርት ከጀርባዋ ነቅላ ጻፈች። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «ማን ይፈርምበት?» አለች።

«እኔ ነኛ!» አለች እመት ሚዳቋ። «ኮቴዬን ላትምበት፤ ወዲህ አምጪው።»